አማቴ የሰፉት ክንፍ

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ በገባ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ያስጠላኛል።

የምንኖረው ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ነው። የባለቤቴ አባት ጋሽ ተወልደ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አስመራም አዲስ አበባም ሠርተዋል። ከፎቃችን በታች የሚኖረው ዊም የሚባል ሆላንዳዊ ጋራዥ ተከራይቶ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለሙከራ አንድ ብቻ ሠርተው የተዉት፣ ክንፉ ከላይና ከታች ድርብ የሆነ ተዋጊ አውሮፕላን አለ። ዊም የዚያን አምሳያ ነበር በእንጨትና በሸራ የሚሠራው። ሸራውን የሚሰፋለት ቢያጣ አማቴን ለመናቸው።

ጋሽ ተወልደ ሥራ ካገኙ ምን ይፈልጋሉ! ብርዱን ሙሉ ሲሰፉ ከረሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአማቴ የተሰባበረ የሆላንድ ቋንቋ እየተግባቡ ወንድማማች ሆኑ።

የሚበርበት ቀን ከዊምና ከሚስቱ ከኤልስ ጋር ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ሄድን። አገራችን አዲስ መኪና የገዛ ሰው ጠበል ያስረጫል። አማቴም ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጠበል ክንፉ ላይ ረጩ። ዊም ባርኔጣውን አውልቆ እየሳቀ ቆመላቸው።

ዊም አውሮፕላኑን አስነሣ፤ አጨበጨብን። ዞሮ ሊመለስ ሲል የላይኛው ክንፍ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልጽፈውም። ዊም እዚያው ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ አማቴ እህል አልወስድ አላቸው። መቁረብም ተዉ።

"ጠበሉ ሸራውን አላልቶት ነው። ካልሆነም ስፌቴ ነው። ነፍስ አጥፍቼ በምን አፌ ነው የምቆርበው?"

"አባባ፣ ጠብታ ውሃ እንዴት ክንፍ ይሰብራል? እባክዎ!" ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

በመጨረሻ "ለሚስቱ ልናዘዝላት" አሉ። ኤልስ ዘንድ ወስጄ አስተረጎምኩላቸው። እሷም እንደ አገሯ ሰው ሳትሸፋፍን ተናገረች።

"ውሃውም ስፌቱም አይደለም። ክንፉ ሲፈጠርም ደካማ ነው። የጀርመኖቹም አውሮፕላን እንዲሁ ተሰብሮ አብራሪውን ገድሏል። ዊም ይህን ያውቅ ነበር። አጠንክረው ብዬ ለመንኩት፤ እንደ ጥንቱ ካልሆነ አልበርም አለኝ።"

ይህን ስተረጉምላቸው እፎይ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "እያወቀ ነው ያሰፋኝ?" አሉ።

አሁን መቁረብ ጀምረዋል። መርፌ ግን አይነኩም፤ የልጄን ሱሪ እንኳ አሳጥሩልኝ ብላቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ይከታሉ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። እኔ ግን ዊምን እወቅሰዋለሁ። መሞት የራሱ ምርጫ ይሁን፤ መሞቻውን የሚሰፋለት ሰው ሲፈልግ ግን ወዳጁን መለመን አልነበረበትም።