ያልተበጠሰ ፍሬን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናዝዤው አላውቅም። ዛሬም የምናገረው አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ እንደዚያ አልተፈጠርኩም። ከላሊበላ ኩልመስክ ባለው መንገድ ላይ እንደ እኔ መሪ የሚይዝ ሹፌር አልነበረም፣ አሁንም የለም። ጥፋቴን የወለደውም ይኸው ኩራቴ ነው።

የሚካኤል ዕለት ነበር። ተሳፋሪዎቼ እስኪሞሉ ኩልመስክ ማኅበር ቤት ጠሩኝ። ጠበል ጻዲቅ እምቢ አይባልም፤ ለበረከት ግን አንድ ጉንጭ ይበቃ ነበር። እኔ ስድስት ጣሳ ጠላ ጠጣሁ፣ አረቄም ደገምኩበት። ማን አስገደደኝ? የቤቱ እመቤት «መንገደኛ ነህ ልጄ፣ ይብቃህ» ብለውኝ ነበር። «የመልአኩ ጠበል ሹፌር ያሰክራል እንዴ?» ብዬ አሳቅኳቸው። በዚያ ቀን ሁሉም ቀማምሶ ስለነበር ትንፋሼን የጠረጠረ የለም።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ነበር፣ መንገዱም ደረቅ። ቁልቁለቱ ላይ ኩርባውን ዘግይቼ አየሁት። ፍሬኑን ስረግጠው ያዘ፣ በደንብ ያዘ። የዘገየው እግሬ ነው። መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዤ ሚኒባሱን ከድንጋዩ ጋር አላተምኩት፤ የኋላ ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ቀረ። አሥራ ሁለቱንም ሰው አንድ በአንድ አወረድኩ። የአንዲት እናት ክንድ ብቻ ተሰበረ። ከዚያ ሚኒባሱ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ጠጥቶ እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ? ይህን ስጽፍ እንኳ ደረቴ ይነፋል።

«ምን ሆነ?» ሲሉኝ «ፍሬን በጠሰብኝ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ፍሬኑን በዚያው ሳምንት የሠሩት አያ ደሳለኝ ነበሩ፤ በላሊበላ እጃቸው የተመሰከረለት መካኒክ። መኪናው ደቅቋል፣ ማን ይመርምር? ብዙም ሳይቆይ ጋራዣቸው ሰው ጠፋበት። ዘግተው ኮን ከተማ ገቡ፤ አሁን ጎማ ይለጥፋሉ።

ተሳፋሪዎቼ በየዓመቱ በዚያ ዕለት ዝክር ይደግሳሉ፤ እኔን ከካህናቱ አጠገብ ያስቀምጡኛል። ከዚያ ወዲህ መጠጥ በአፌ አልዞረም፤ እነሱ ስለት ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ በዝክሩ ዕለት አያ ደሳለኝ ከኮን መጡ። ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ በዚያ ሽበታቸው፣ ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ።

«ወንድሜ፣ እጄ በድሎሃል። ስለ ሚካኤል ብለህ ማረኝ።»

እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ድንጋዩን ከጫንቃቸው አነሳሁ፣ ትከሻቸውን ስሜ «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ካህናቱ መረቁኝ። ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ!

ኮን ሄጄ መንበርከክ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን አልታጠፈም። ከእናንተም ምሕረት አልለምንም። መንገድ ላይ ለሆነው አረቄውን ልከስ እችል ነበር። ያን ድንጋይ ከሽማግሌው ጫንቃ ሳነሳ ግን ጠብታ አልቀመስኩም ነበር።