ስድስተኛው ግጥም ላይ ያቆምኩት ረቂቅ

ጅቡቲ ውስጥ የምሠራው በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ነው። ቀን ቀን የኮንቴይነር ሰነድ በፈረንሳይኛ እሞላለሁ፤ የቀረው ጊዜዬ የአማርኛ ግጥም ነው። ሁለት መድብል አሳትሜያለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በሂሴ ነው። አዲስ የግጥም መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ፌስቡክ ላይ እተቸዋለሁ፤ ቤት እንዲመታ ብቻ የተሰነቀረ ቃል ካየሁ አልምርም። አዲስ አበባ ያሉ ገጣሚዎች «ምላጯ» እንደሚሉኝ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለች ሻይ ቤት ጓዳ ተሰብስበን ግጥም እናነባለን። ሾፌሮች አሉ፣ አንድ አስተማሪ አለ፣ የሚበዙት ግን ሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩና ዓርብን ብቻ የሚያርፉ ሴቶች ናቸው። ከነሱ አንዷ፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ራስ ዲካ አካባቢ የፈረንሳዮች ቤት የምትሠራ፣ አንድ ቀን በስቴፕለር የተያያዘ ረቂቅ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ እባክዎን ይዩልኝ» አለችኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ጀመርኩት። ጨረቃ፣ እንባ፣ ስደት፣ እንደገና ጨረቃ። ስድስተኛው ግጥም ላይ ዘጋሁት። በሳምንቱ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ይህ ግጥም አይደለም፤ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ደግሞ ማንም ይችላል» አልኩ።

ረቂቋን ስመልስላት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። አንደኛው ሾፌር «ምነው እትዬ፣ አልበዛም?» ሲለኝ፣ ግጥም ማባበያ አይደለም ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል አልመጣችም።

ያገኘኋት ከባሕሩ ዳርቻ ነው። የአሠሪዎቿ ልጆች አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ትጠብቃለች። እንዳላየሁ ልሆን ስል ቀድማ ሰላም አለችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስንተኛው ላይ አቆሙ?»

መዋሸት አማረኝ። አፌ ግን «ስድስተኛው» አለ።

«ጠርጥሬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን እኔም አልወዳቸውም፤ ጓደኞቼ ሰው ይወዳቸዋል ስላሉኝ ነው ፊት ያደረግኳቸው» አለች። ዓይኗን ከልጆቹ አላነሳችም። «አንብበው ቢሰድቡኝ ግድ የለኝም ነበር። ሳያነቡ ነው ያዋረዱኝ።»

ረቂቁን እንደገና እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ወረቀቱን ቀዳዳ ጥላዋለች፤ ስልኳ ውስጥ ግን ነበር። እዚያው ላከችልኝ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከሰባተኛው ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው፣ ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው ሲያልፉ በር እያንኳኩ ውሃ ስለሚለምኑት የአገራችን ልጆች ነው።

«ውሃ ስጪኝ አለኝ፣ ላስፈቅድ ቤት ገባሁ፤
ይዤለት ስወጣ፣ መንገዱን አገኘሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አልኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

«አይ፣ ማዳም ናት» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ሳላነብ እንደፈረድኩ ተናገርኩ። ከዚያ ሥራ ጀመርን። ከሠላሳ አንዱ ግጥም አሥራ ዘጠኙን ጣልኩባት። ለአራቱ ተከራከረችኝ፤ በሁለቱ ረታችኝ።

አንድ ቀን የኔን የሦስተኛ መድብል ረቂቅ ጠየቀችኝ። በሳምንቱ ይዛው መጣች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝም?»

«ለምን እቀየማለሁ?» አልኩ፤ ገና ሳትናገር ተቀይሜ።

«ባሕሩ አለ፣ ነፋሱ አለ፣ ወደቡ አለ። ሰው ግን የለም። እርስዎ ራስዎ እንኳን የሉበትም።»

ሦስት ቀን አኮረፍኳት። የምተቻቸው ገጣሚዎች ምን እንደሚሰማቸው ያኔ ገባኝ። በአራተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ፣ ሰነዱ እስኪያልቅለት ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሾፌር ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያሻሽ አየሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ፊቴ ሲቀመጡ አንዳቸውንም ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅኩም። ጠየቅኩት። ቀኑን ሙሉ በደናክል በረሃ ጎማ ሲቀይር እንዴት እንደዋለ አጫወተኝ። ማታ ስገባ ጻፍኩት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቃል ሳልመርጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው ግጥም እሱ ነው።

ሂስ መጻፌን አልተውኩም። አሁንም አላባብልም። ግን እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ጥሩ ስንኝ ካለ ጥሩ ነው ለማለት አልሰስትም። አንዳንድ አንባቢ ለሰለስሽ ይለኛል። እኔ ግን ሥራዬን ገና አሁን የለመድኩት ይመስለኛል።

የልጅቷ መጽሐፍ አዲስ አበባ ታተመ፤ ቀጭን ነው። ገጼ ላይ ጉድለቱንም ውበቱንም ጻፍኩ፤ ስለ አንዱ ጉድለት ያልኩት ስህተት እንደሆነ በረጅም መልእክት አስረዳችኝ። እውነቷን ነበር፤ አስተካከልኩ። አሁን የዓርቡን ንባብ የምትመራው እሷ ናት።

በሚቀጥለው ወር ስለ መጽሐፏ አዲስ አበባ ላይ ውይይት ስላለ በባቡር ትሄዳለች። ከመጣች ወዲህ አገሯን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ ማንበብ ስለማትችል፣ ከውይይቱ በፊት ቤት ገብታ ሁሉንም ግጥም ቁጭ ብላ ልታነብላት አስባለች። «እናትሽ እንዳያለቅሱብሽ ብቻ» አልኳት።

«ያልቅሱ» አለችኝ። «እዚያ ደግሞ ለቅሶ ማንም ይችላል ብሎ የሚያሳፍራቸው ሰው የለም።»