ከለቅሶ የማይቀረው ተካልኝ

ባለፈው ወር እናቴን ለመቅበር ሚዛን ተፈሪ ስደርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር የሚደረድር ሽበታም ሰው አየሁ። ከጀርባው ለየሁት፤ ተካልኝ ነበር። በዚያ ሐዘን መሀል እንኳ "ደግሞ አሁን ምን ፈልጎ ይሆን?" አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለ አመል አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወጣት ሳለን፣ በከተማችን የኪነት ቡድን ውስጥ አብረን ነበርን። ዝናቡ የቀበሌውን አዳራሽ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እኛ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እየበላን እንለማመዳለን። የቤንችኛውንም የአማርኛውንም ዜማ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ተካልኝ ከበሮ ይመታል፤ ያውም ምቱን እየሳተ። መሪያችን ተዛውሮ ሲሄድ ቦታው የእኔ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ከልቤ ፈልጌው ነበር፤ ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው መሪው ነዋ።

ተካልኝ ግን ለቅሶ አይቀርም። ክርስቲያን ቤትም ሙስሊም ቤትም፣ ሸኮም ዘንድ ከፋም ዘንድ፣ ድንኳን ሲተከል እሱ አለ። እኔን ነገሩ አልጥም አለኝ። "ይሄ ሰው የሚሄደው ለሟች ነው ለቋሚ?" እያልኩ በቡድኑ ውስጥ ላለችው ጓደኛዬ ለአልማዝ አንሾካሹክላት ነበር። እሷ ትስቃለች።

አዲስ መሪ በመረጥንበት ዕለት የአልማዝም እጅ ለእሱ ወጣ፤ ተካልኝ ተመረጠ። ስንወጣ ጭቃው ላይ አስቁሜ ጠየቅኳት።

"አባቴ ሲሞት ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው" አለችኝ። "አንቺ ሠልስት ካለፈ በኋላ ነው የመጣሽው።"

ተናድጄ እዚያው ጥያት ሄድኩ።

በማግስቱ ተካልኝ ቤታችን መጣ። "ዜኒ፣ ዜማው ያንቺ ነው፤ እኔ የማውቀው ሰው መሰብሰብ ነው" አለኝ። ይህንንም ወጥመድ ነው አልኩ። ቴፒ ከተማ ለተጋበዝንበት ዝግጅት መኪናውን ከአንድ ነጋዴ፣ አልባሳቱን ከሸኮ ሽማግሌዎች፣ ማደሪያውን ከጅማ ከመጡ ቤተሰቦች በቃሉ ብቻ አገኘ። በጫካው መንገድ የቡናው አበባ ይሸታል፣ ሁሉም ይዘፍናል፤ እኔ እሱን እሱን አያለሁ። ቴፒ ላይ ዜማዬ ሕዝቡን ከመቀመጫው አስነሣው። በማይክራፎን የተጠራው ስም ግን የተካልኝ ብቻ ነበር። ያን ዕለት እንዴት እንዳመመኝ ዛሬም አልረሳሁትም። ብዙም ሳልቆይ ጅማ ሄጄ አስተማሪ ሆንኩ፤ እሱ የአካባቢውን መድረክ ሁሉ ያዘ።

ከቀብር ስንመለስ የእናቴ ጎረቤት አንድ ነገር ነገረችኝ። ተካልኝ ለዓመታት፣ እሁድ እሁድ፣ ሙዝ ይዞ እየመጣ እናቴን ያጫውታት ነበር። እናቴ በስልክ አንድም ቀን አላነሣችልኝም፤ አመሌን ታውቀዋለች።

ከእናቴ ምን ፈልጎ ይሆን? የምትመርጠው መሪ የላት፣ የምታውሰው መኪና የላት። ጅማ ከተመለስኩ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ አንድም ነገር አላገኘሁበትም፤ መፈለጌን ግን አልተውኩም። ብተወው የሚቀረኝ፣ እናቴን ከእኔ ይልቅ እሱ ይጠይቃት እንደነበር ማመን ብቻ ነው።