ጭስ የማይታይበት ቤት

አሰላ ውስጥ እንደ እኔ ሞቆት የኖረ ወንደላጤ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራት ቢሆንማ ኖሮ «ወንደላጤ» የሚለውን ቃል እዘለው ነበር።

በደርግ ጊዜ የዘር መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ስንዴና ገብስ እንዳይረጥብ፣ እንዳይነቅዝ፣ እንዳይሻግት መጠበቅ ነው። ከዲክሲስም ከጢቾም ዘር ሊወስዱ የሚመጡትን ገበሬዎች ሰብስቤ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እህል እንዴት እንደሚቀመጥ አስተምራቸዋለሁ። «ከመሬት አንሡት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ አየር አትከልክሉት» እላለሁ። እነሱ እህል ሲያኖሩ ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከወረቀት ያነበብኩ ጎረምሳ። ጨዋ ስለሆኑ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝ ነበር።

ሚስቴን ያገባኋት ከኦጎልቾ ነው። እዚያ ቆላ ነው፤ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል እንጂ ፀሐይ ፈልጎ አይቀመጥም። በጥር አመጣኋት፤ በጥር የአሰላ ብርድ ቢኖርም ፀሐይዋ ታታልላለች። ሰኔ ሲገባ ግን ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ የጭቃ ቤታችንን ስንጥቅ ሁሉ አንድ በአንድ አገኘው። ብርድ ልብሱ ይረጥባል፣ ጨው ይቀልጣል፣ ክብሪት እንቢ ይላል። እሷም ማሳል ጀመረች።

«ይኼ ቤት ነው ወንፊት?» አለችኝ አንድ ቀን፣ በጋቢው ላይ የእኔን ካፖርት ደርባ።

«ወንፊትማ ቢሆን የሚያስቀረው ነገር ይኖረው ነበር» አልኳት።

ቀልድ መሆኑ ነው። አልሳቀችም። በነሐሴ ሳሉ ሲጠናባት ጓዟን ጠቅልላ ወደ እናቷ ወረደች። መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ጎንበስ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ብርድ የማይገባበት ስታደርገው ላክብኝ። በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አለችኝ።

ይህችን ቃል ይዤ ቀረሁ።

መስከረም ጠባ፤ ሥራ ጀመርኩ። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቼ ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩ። ጭቃው ሳይደርቅ፣ ችኩል ነኝና፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ ሰፍቼ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ከውስጥ አለበስኩት። በላዩ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩ። መስኮቱን ቸነከርኩ። ከጎሚስታው ቤት አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ለምኜ፣ እንደ ቀበቶ ቆርጬ የበሩን ጠርዝ ዙሪያውን አለበስኩት። በሩ ሲዘጋ «ጓ» ማለቱን ተወና «እፍ» ማለት ጀመረ። ሻማ አብርቼ በየጥጉ ዞርኩ፤ ነበልባሏ ንቅንቅ አላለችም። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በሳምንቱ ቤቱ ውስጥ ዘነበ።

ውጪ ጥርት ያለ የጥቅምት ሰማይ ነው። ውስጥ ግን ሽሮዬ በፈላ ቁጥር ላስቲኩ ያልበዋል፤ ላቡ ይንጠባጠብና አንገቴ ሥር ይገባል። ጋዜጣው እየተላጠ ሳህኔ ውስጥ ወደቀ። ትራሴ ሻገተ። ከሰል ሳቀጣጥል ራሴን አዞረኝና በሩን ከፍቼ ደጅ ላይ ተዘረፈጥኩ።

እዚያ ተቀምጬ ነው ማንነቴ ትዝ ያለኝ። የምን መጋዘን ሠራተኛ ነኝ እኔ? ርጥብ እህል በላስቲክ አፍኖ የመጣ ገበሬ ቢኖር በሕዝብ ፊት አዋርደው ነበር። ራሴን ግን ከነርጥበቴ አፍኜ፣ ክዳኔን አጥብቄ ቁጭ ብያለሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ራሴን ልገሥጽ አሰብኩ፤ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ተውኩት።

ከበሩ ጎማ በቀር ሁሉንም ገነጠልኩት። ከዚያ ወዲያ ቤቱን እንደ ዘር አስቀመጥኩት። በዙሪያው ቦይ ቆፈርኩ። ወለሉን በድንጋይና በአሸዋ ከመሬት አነሣሁት። ጭቃው በጋውን ሙሉ ሲደርቅ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩት፤ ይህ ከሥራው ሁሉ የከፋው ነበር። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ እየተሸከምኩ ከኮርኒሱ በላይ ወፈር አድርጌ ሞላሁ፣ ላስቲኩን ከሰጋቱራው ሥር፣ ሙቀቱ ባለበት በኩል ዘረጋሁት። በሰጋቱራውና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ። ከዘይት ጣሳ ምድጃ ሠርቼ ጭስ መውጫውን በጣሪያው አሻገርኩ፤ እሳቱም የሚተነፍስበት ቀጭን ቱቦ ከደጅ በወለሉ ሥር አስገባሁለት። ጠዋት አንድ እፍኝ ፍልጥ ካነደድኩ እስከ ማምሻው በሸሚዝ እቀመጣለሁ። ግድግዳው ደረቀ፤ እንደገና የለጠፍኩት ጋዜጣም እንደ ቆዳ ተወጠረ።

ኦጎልቾ ለሚወርድ ሾፌር ወረቀት ሰጠሁ፦ «ቤቱ አልቋል። ነይ።»

መልስ አልመጣም። ጠበቅሁ። ስጠብቅ ግድግዳዬን አነብባለሁ። ምድጃው አጠገብ ስለ አንድ የእርሻ ዘመቻ የሚያወራ ገጽ አለ፤ መጨረሻውን በችኮላ ዘቅዝቄ ስለለጠፍኩት አንገቴን ጠምዝዤ ነው የምጨርሰው። በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ልወጣው እችላለሁ፤ ጠያቂ ጠፋ እንጂ።

ሌላ ነገርም ልብ አልኩ። ሰው መምጣት ተወ። ቀድሞ ጎረቤት ብቅ ይላል፣ እሳት ይጭራል፣ ሽሮዬን አይቶ ያዝንልኛል። አሁን የሚያንኳኳ የለም። በየመንደሩ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ጭስ ይወጣል፤ የእኔ ከጠዋት በኋላ ዝም ነው። በዝናቡ መጀመሪያ የመጡት የቀበሌ ጥበቃዎች ብቻ ነበሩ። በሩን በጠመንጃ ሰደፍ ሲደበድቡት ሰማሁና ከፈትኩ።

«ምነው አትከፍትም? ስንቴ አንኳኳን!»

«አልሰማሁም፣ ጓድ።»

አለቃቸው ጎማውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ይኼ ምንድነው? የውጭ ሬዲዮ ነው የምትሰማበት?»

«ሬዲዮ የለኝም። ለሚስቴ ነው።»

«ሚስትህ የታለች?»

«አልመጣችም።»

እርስ በርስ ተያዩ። አልጋ ሥር ፈተሹ፤ ያገኙት የሻገተውን ትራስ ነው። ሊወጡ ሲሉ አለቃው ቆም ብሎ እጁን ምድጃው ላይ አሞቀ። «ሞቃት ነው ግን» አለ፤ ትንሽ ቢቆይልኝ ደስ ባለኝ። ሰው ፍለጋ ፈታሽ እስከ መናፈቅ ደርሼ ነበር። ያን ቀን ልማርበት የሚገባኝን ግን አልተማርኩም። የቤቴ በር የሚሰማው ሰደፍ ብቻ እንደሆነ አይቼ ነበር፤ ሚስት ደግሞ ሰደፍ ይዛ አትመጣም።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። እኔ የሸሚዜን እጅጌ ጠቅልዬ፣ ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ፣ በሰጋቱራው አልፎ የማይሰማውን በረዶ እያዳመጥኩ ተቀምጫለሁ። የማስበውም ስለ እሷ ነው፤ መጥታ ይህን ሙቀት ስታይ ምን እንደምትል።

በማግስቱ ጠዋት ወጣ ስል የአጥር ጎረቤቴ፣ «አዴ» የምላቸው የአርሲ አሮጊት፣ ሙት እንዳየ ሰው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ኢልማ ኮ! ልጄ፣ አለህ እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ፣ አዴ?»

«ሚስትህ መጥቷል ትላንት። በር መታ፣ መታ፣ መታ። በረዶ ላይዋ ወረደ። ወደ እኔ መጣች፤ የት ሄደ አለች። እኔ ጣሪያ አየሁ፤ ጭስ የለም። ጭስ የለም ሰው የለም አልኳት።»

በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ ከጠፋ «የት ሄደ» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ የለም። እሷም አንዴ ጠይቃ ተወች። በመጨረሻው መኪና ተመልሳለች። አዴ ሚስቴ ይዛልኝ ከመጣችው ፓፓያ አንዱን ከቤታቸው አምጥተው ሰጡኝ። «ሦስት ነበር» አሉ፤ «ልጆቹ... አንተ የለህም ብለን።»

ፓፓያውን ታቅፌ በሩ ፊት ቆምኩ። ከውጭ በጡጫ መታሁት። «ድብ» አለ፤ ፍራሽ የመታሁ ያህል። ሸክላ ሠሪ እንኳ ሥራውን አንኳኩቶ ያያል፤ እኔ ዓመት ሙሉ ስሠራ ከውጭ አንድ ቀን አላንኳኳሁም።

እሑድ ኦጎልቾ ወረድኩ። እናቷ በሩን ከፍተውልኝ ሳይስሙኝ ገቡ። እሷ መደብ ላይ ተጋድማለች፤ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። «በሕይወት አለህ?» አለች። «የወሰዱህ መስሎኝ...»

አሁን እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን እግሯ ሥር ይወድቃል፣ እጇን ይይዛል። እኔ ምን አደረግሁ? አስረዳኋት! ከመነዳሪውን፣ ሰጋቱራውን፣ ላስቲኩ ለምን በሙቀቱ በኩል መዘርጋት እንዳለበት፣ በእጄ አየር ላይ እየሣልኩ ተነተንኩ። ቤቱ ጥሩ ስለሆነ ነው ያልሰማሁሽ፣ መሆኑ ነው። በመሃል ሁለት ጊዜ አሳለች፤ እስክትጨርስ ጠበቅኳትና ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ስጨርስ ጋቢዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

«ስለ ሰጋቱራው ነገርከኝ» አለች። «እንዴት ነሽ አላልከኝም።»

«እንዴት ነሽ?» አልኳት ፈጠን ብዬ።

«ደህና ነኝ» አለች፣ ወደ ግድግዳው እየዞረች። «ሲሻለኝ እመጣለሁ።»

በዚያው ወር ሁለቴ ወረድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቷ «ተኝታለች» አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ድና፣ አግብታ፣ ልጆች መውለዷን ሰማሁ። እዚያው ቆላው ላይ፣ በር በማይዘጋበት አገር።

ከኦጎልቾ እንደ ተመለስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት በሩን መብሳት ነው። በቀዳዳው ገመድ አሳልፌ፣ ከውስጥ በኩል ጣሳ ከነጠጠሩ አንጠለጠልኩበት፤ ሳቢ ካለ ይንኳኳል። ቀዳዳው ያን ሁሉ የደከምኩበትን ነፋስ በቀጥታ ማጅራቴ ላይ ያመጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚስቡት አዴ ነበሩ፤ ጉዳይ ሳይኖራቸው፣ ጣሳው ሲንኳኳ ለመሳቅ ብቻ።

ሁለተኛው ጭሱ ነው። ቤቱ ለሙቀት ብሎ እሳት አይፈልግም። ቢሆንም በየቀኑ ከምሳ በኋላ ምድጃው ላይ እርጥብ ጭድ እጨምራለሁ፤ ለሙቀት አይጠቅምም፣ ጭሱ ግን ወፍራም ነው። አዴ በአጥሩ በላይ ቀና ብለው «ዛሬም አለህ!» ይሉኛል፤ «አለሁ!» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ስንት ክረምት አለፈ።

አዴ ካረፉ ቆይተዋል። ጣሪያዬን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬም ከምሳ በኋላ ጭዱን ጨምሬ፣ በትሬን ይዤ ወጣ እልና ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ጣሪያዬን አያለሁ። ጭሱ ካለ፣ ገመዱን አንዴ ስቤ እገባለሁ።