አባቴ ለራሱ ደመወዝ የጨመረ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ባለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስለ ኮሌጅ ድጎማ ለወላጆች እንድናገር ተጋብዤ ነበር። የጋበዙኝ ሽማግሌ ማይኩን ከመስጠታቸው በፊት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ «አደራ፣ ቀልድ እንዳታበዛ» አሉኝ። እኔ ቀልድ አብዝቼ አላውቅም። ቀልዱ ራሱ እኔ ጋ ሲደርስ ይበዛል እንጂ።

ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ከፊት ወንበር አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። የሆስፒታል የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት። «ይሄን የመንግሥት ብር ኮሌጁ ለማን እንደሚሰጥ በምን ይመርጣል? በመልክ ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው እጅጌያቸውን ይዛ ቁጭ በሉ እያለች ትጎትታለች። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። መልስ ሳይሰሙ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዐሥር ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጢሜ በቀን ሁለት ጊዜ ካልተላጨ ሕፃናት የሚያስለቅስ፣ ድምፄ ከሦስት ሕንጻ ማዶ የሚሰማ ጎረምሳ ነበርኩ። በአሜሪካ መንግሥት ዓይን ግን ልጅ ነኝ። ያላገባና ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው ተማሪ ለድጎማ ሲያመለክት የእናት አባቱን ገቢ አብሮ ማቅረብ አለበት። «ካገባሁ ግን በዚያው ቀን ትልቅ ሰው ነው የምባለው» ብዬ ለእናቴ ብነግራት ዓይኗ በራ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? የእነ አልማዝ ልጅ አለች አይደል!» አለችኝ። መንግሥት ራሱ ደግሶ የሚድረኝ ሳይመስላት አልቀረም።

ከናይሮቢ ተነስተን ክላርክስተን ከገባን ጥቂት ዓመታት ሆኖን ነበር። አባዬ ዶሮ በሚገነጠልበት ፋብሪካ ይሠራል። ንጋት ላይ ቫን እየመጣ ይወስደዋል። ከቀደመው ዓመት ጀምሮ ወገቡን ስላመመው ሰዓቱን ቀንሰውበት፣ ሳምንቱን በከፊል ቤት ይውላል። እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። እኔ መሃል ከተማ ባለ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ።

ጸደይ ነበር። አትላንታ የኖረ ሰው ያንን ቢጫ የዛፍ ብናኝ ያውቀዋል። መኪናው፣ ደረጃው፣ የቆመ ሰው ጭምር እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። እኔ አንዴ ሳስነጥስ ከከተማው ማዶ ማሪዬታ ያሉ ሰዎች «ይማርህ» ብለዋል።

ፎርሙን የምንሞላው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ሰይፉ ላፕቶፕ ስላላቸው የሕንጻውን ሰው ፎርም ሁሉ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ ለዚህም ከአንድ ሳህን በላይ አይቀበሉም። ጾም ስለነበር እማዬ ሽሮና ጎመን አቀረበች። ጋሽ ሰይፉ በአንድ እጃቸው እየጎረሱ፣ በአንድ እጃቸው እየጻፉ፣ የቤታችንን ነገር ሲጠይቁ ቆይተው እዚያች ጥያቄ ላይ ደረሱ።

«የባለፈው ዓመት ገቢ ስንት ልበል?»

አባዬ ደመወዙ ኮርኒሱ ላይ የተጻፈ ይመስል ቀና ብሎ ቆየና አንድ ቁጥር ጠራ። ሽሮው ትን አለኝ። ያ ቁጥር የአባዬ ደመወዝ አልነበረም። የአለቃው ደመወዝ፣ የአለቃው አለቃ ደመወዝና የግማሹ ዶሮ ዋጋ ተደምሮ ነው።

«አባዬ...» አልኩ።

«ብላ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሰው ሕመሙን፣ ጠቡን፣ የልጁን ጥፋት ሁሉ ለጎረቤት ያወራል። ደመወዙን ግን አያወራም። የአባዬ ሰዓት መቀነሱን ጋሽ ሰይፉ አሳምረው ያውቃሉ፤ ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። ቢሆንም ሰው በገዛ ማዕዱ ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ በገዛ አፉ ራሱን አያሳንስም። ጋሽ ሰይፉም ዓይናቸውን ከላፕቶፑ ሳይነቅሉ፣ «ተመስገን ነው» ብለው ቁጥሩን አስገቡት። አሜሪካ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሕዝቡ ገቢውን ዝቅ እያደረገ ለመንግሥት ሲዋሽ ኖሯል። ከፍ አድርጎ በመዋሸት አባቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

መንግሥት ግን ታክስ ወረቀቱን ያውቃል። በግንቦት ኮሌጁ ጠራኝ። የሞላችሁትና ታክሳችሁ አይገናኙም፣ ወላጅ ቀርቦ አስተካክሎ ይፈርም፣ እስከዚያ ፋይልህ አይንቀሳቀስም ተባልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ድጎማው ትንሽ ልናገር። አንደኛው ዓይነት፣ ግራንት የሚሉት የማይመለስ ብር፣ ሕጉን ካሟላህ የትም ኮሌጅ ብትሄድ ይከተልሃል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ድስት ነው። መንግሥት ለየኮሌጁ አንድ አንድ ድስት ይልካል፤ ጭልፋውን የሚይዘው ኮሌጁ ነው። ድስቱ ሲያልቅ የቱንም ያህል ብትራብ አለቀ ነው። የእኔ የመጪው ዓመት ትምህርት የተንጠለጠለው በዚህች ጭልፋ ላይ ነበር። ካልደረሰኝ ምን እንደምሆን ታውቋል። ፋብሪካው ሰው ይፈልጋል፣ ቫኑ ውስጥም አንድ ባዶ ወንበር አለ። አባዬ ይህን የነገረኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው።

የቀጠሮው ቀን አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ወጣ።

«አባዬ፣ ችግረኛ ነን ልንል እኮ ነው የምንሄደው» አልኩት።

«ልንል ነው እንጂ መስለን ልንታይ ነው?» አለኝ።

እማዬ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልላ ሰጠችን። ኮሮላችን ኤሲው ከሞተ ቆይቷል፤ የአባዬ መስኮትም አይወርድም። በሜሞሪያል ድራይቭ ቁልቁል ስንሄድ ውስጡ እንኳን ሰው ድንች የሚቀቅል ሙቀት ነበር። አባዬ ከረባቱን ግን አልነካም። የፓርኪንግ ላለመክፈል ወደ ሰፈራችን፣ እስከ ፓይን ሌክ የተመለስን በሚመስል ርቀት ላይ ፓርክ አድርጎ በእግር አስኬደኝ።

ያነጋገረችን ሚስ ዋንዳ የምትባል መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ሳምቡሳውን አሽትታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ስጦታ መቀበል ክልክል ነው» ብላ መለሰችው። ክልከላው ከእኛ ይልቅ እሷን ጎድቷል። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች አሳየችን። «የትኛው ነው ትክክል?»

ተረጎምኩ። አባዬ አሰብ አደረገና፣ «ሁለቱም ትክክል ነው በላት። አንዱ የማገኘው ነው፤ አንዱ የሚገባኝ ነው» አለ።

እኔ ነገር ማጋነን እወዳለሁ፤ ይሄንን ግን ምንም ሳልጨምር እንዳለ ተረጎምኩት። ሚስ ዋንዳ መነጽሯን አወለቀች። «የሚገባንን የምንጽፍ ቢሆንማ እኔም ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ አልገኝም ነበር» አለችና አስረዳችን። መንግሥት አንድ ቤተሰብ ለልጁ ትምህርት ምን ያህል ማዋጣት እንደሚጠበቅበት ያሰላል። ዜሮ የወጣለት ሰልፉ ፊት ይቆማል። ዜሮዎቹ ደግሞ ከድስቱ ስለሚበዙ፣ ከእነሱም ፋይሉን ቀድሞ የጨረሰ ይቀድማል። «በታክሱ ከሄድን ዜሮ ናችሁ። ዛሬ ከተፈረመ ይደርስሃል። ከዘገየ ግን ቃል አልገባም» አለችኝ።

ወደ አባዬ ዞርኩ። «አባዬ፣ ጥሩ ነው! ከአንተ የሚጠበቀው ዜሮ ነው። ፈርም!»

አባዬ እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ አስቀመጠው።

«ምን አልክ?»

«ዜሮ ነው።»

«ከማን የሚጠበቀው?»

«ከአንተ።»

«ከእኔ ለልጄ ምንም አይጠበቅም?» ድምፁ ከፍ አለ። «ቫኑ ሳይመጣ ተነስቶ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስህ ማን ነው? ምሳህን ማን ይቋጥራል? በብርዱ ጊዜ ጃኬት ማን ገዛልህ? ንገራት እንጂ! ይቺ ሴትዮ ልጅ አሳድጋ ታውቃለች?»

«አባዬ፣ ኮምፒውተር ያሰላው ነገር ነው።»

«ኮምፒውተሩ ወልዶ ያውቃል?»

በሩ በተከፈተ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ይታየኛል። እያንዳንዱ ዜሮ መሰለኝ፤ ሁሉም ከእኔ ድስት ሊጨልፍ የመጣ። «ካልፈረምክ ነገ ቫኑ ውስጥ ጎንህ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አልኩት።

አባዬ እኔን ትቶ፣ ፋብሪካ ውስጥ በለቀማት በራሱ እንግሊዝኛ ተናገራት። አባዬ እንግሊዝኛን የለመደው ከአለቃው ስለሆነ የሚናገረው ሁሉ ትእዛዝ ነው።

«ሚስ፣ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ጻፊ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይህ አባት ለልጁ ያዋጣል። ጻፊ።»

«ሰር፣ እዚህ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም።»

«ሳጥን ከሌለ፣ ሳጥን ሥሪ።»

እኔ በቃ አለቀልን ብዬ የዶሮ ፋብሪካውን ነጭ ቆብ በሐሳቤ ለክቼ ጨርሻለሁ። ሚስ ዋንዳ በሩን አየች፣ አባዬን አየች፣ ከረባቱን አየች። ከዚያ የቢሮው ሠራተኞች እርስ በርስ ማስታወሻ የሚጽፉበትን ቦታ ከፈተችና ጻፈች፤ ስክሪኑንም ወደ እኛ አዞረችው። አነበብኩለት፤ «አባት ለልጁ ትምህርት እንደሚያዋጣ ገልጸዋል። መጓጓዣ፣ ምግብ፣ ጃኬት።»

አባዬ በጥሞና ሰማ። «ጃኬቱ አዲስ ነበር። አዲስ በያት።»

ጃኬቱ የተገኘው ብርዱ ሲገባ የተለገሰ ልብስ ከሚደረደርበት የቤተ ክርስቲያን ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ ኪሱ ተቀዶ ነበር። ዓይኔን ሳላሽ፣ «አዲስ ጃኬት» ብዬ ተረጎምኩ። ሚስ ዋንዳም አንዲቷን ቃል ጨመረችበት። አባዬ ፈረመ፤ ሀገር የሚያስረክብ ሰው እንኳን እንደዚያ በዝግታ አይፈርምም።

ስንወጣ ከኋላችን ተሰልፋ የነበረች ልጅ ከእናቷ ጋር ገባች። መኪናው ጋ ደርሰን ሳምቡሳውን እየበላን አባዬ ጠየቀኝ፤ «ሁሉም ዜሮ ከሆነ ማንን ነው የሚያስቀድሙት?»

«ቶሎ የጨረሰውን።»

«ሥራ ከልክሎት ያልመጣስ? አባቱ የሌለስ?»

አባዬ የያዘውን ሳምቡሳ ሳይጨርስ ፎይሉ ላይ መለሰውና መኪናውን አስነሳ።

በአሜሪካው በጋ መሃል ላይ፣ ኮክ በየመንገዱ ዳር ሲሸጥ፣ ጭልፋዋ ደረሰችኝ። ሙሉ አልነበረችም፤ ለመመዝገብ ግን በቃች። የቫኑን ወንበር ሌላ ሰው ያዘው። አባዬ ለጋሽ ሰይፉ ሲያወራ የሰማሁት፣ «ኮሌጁ ለምክክር ጠርቶኝ ነበር» ሲል ነው። ጋሽ ሰይፉም፣ «መቼም ያለ እርስዎ አይሆንላቸውም» አሉት።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ላሉት ወላጆች እውነቱን ነገርኳቸው። በመልክ አይደለም። ስሌቱ ዝቅተኛ የሆነለት ይቀድማል፣ ከእነሱም ቶሎ የጨረሰ። ስለዚህ ፎርሙ እንደተከፈተ ሙሉ፤ የሚገባችሁን ሳይሆን የምታገኙትን ጻፉ፤ ደመወዛችሁን በጎረቤት ፊት መጥራት ከከበዳችሁ ጎረቤትን ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙና ከዚያ ሙሉ። ያሁኑ ስሌት ስሙን ለውጧል፣ «የሚጠበቅባችሁ» ማለቱንም ትቷል፤ ቁጥሩ ግን ዛሬ ከዜሮ በታችም ይወርዳል አልኩ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰልፍ መኖሩን እኔም አልቃወምም፤ ድስቱ ትንሽ ከሆነ አንድ ሰው መቅደሙ አይቀርም። ድስቱን ያሳነሰው ማን እንደሆነ ግን ልጠይቅ እችላለሁ። አንድ አባት ዜሮ ተብሎ ሲሰለፍ ባዶ እጁን መጣ ማለት እንዳልሆነም እስክሞት እከራከራለሁ። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት እኒያ ባለ ሆስፒታል ልብስ አባት እንደገና ተነሱ። ልጃቸው አሁን መጎተቱን ትታ ቀና ብላ ታያቸዋለች።

«ከዜሮ በታች ከሆንን» አሉ፣ «ዕዳ ያለባቸው እነሱ ናቸው ማለት ነዋ!»

የጋበዙኝ ሽማግሌ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ቀልዱን እኔ ያስጀመርኩት መስሏቸው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከመቼውም ይልቅ ኮስተር ብዬ ነበር።

«በስሌቱ አይደለም» አልኳቸው። «በእውነቱ ግን አዎ።»