«ኔትወርክ የለም» የሚባለው ነገር

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልተዳረበትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን እንጅባራ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ በምንማርበት የአንደኛ ዓመት ክፍል፣ በዕድሜ ታናሽ ወንድሜን የሚያህለው መምህራችን «በሙያችሁ ቀጥሎ የምትማሩትን መርጣችሁ ከነምክንያቱ ጻፉ» አለን። ወጣቶቹ ወዲያው አቀረቀሩ። እኔ በመስኮቱ ጉሙን እያየሁ ቀረሁ።

ከዓመታት በፊት ዳንግላ ነበርሁ። ከቴክኒክና ሙያ እንደወጣሁ አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት የኮምፒውተር ድጋፍ ሰጪ አድርጎ ቀጠረኝ። ባልደረባዬ ታከለ በየቢሮው እየዞረ የተበላሸውን ያያል፤ እኔ አዲስ ስለነበርሁ ዕቃ ቤት ተቀምጬ ኮምፒውተር ፎርማት አደርጋለሁ። ከውጭ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል፤ ከውስጥ ደግሞ ጠዋት ማታ አንድ ጩኸት፦ «ኔትወርክ የለም!» ከገጠር የመጣው ባለጉዳይም «ዛሬም የለም?» ብሎ ይመለሳል።

አንድ ቀን ኃላፊያችን አቶ ይርሳው ሁለታችንንም ጠሩን።

«ባሕር ዳር ሥልጠና አለ። አንዳችሁ ኔትወርክ፣ አንዳችሁ ጥገና። ቋሚ መደብ ያለኝ አንድ ነው፤ ስትመለሱ ለሥራው የጠቀመ ይይዘዋል። አንቺ ቅደሚ፣ ምረጪ።»

ያን ሁሉ ጩኸት የሰማ ሰው ምን ያመነታል? «ኔትወርክ» አልሁ።

ታከለ ሳቀ። «በይ አንቺ ሰማዩን ያዢ፣ እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ።»

ከሥልጠናው በተመለስሁ ማግሥት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘነቡ «ኔትወርክ የለም!» ብለው ተጣሩ። ኬብልና የኬብል ጫፍ መቆንጠጫዬን ይዤ ሮጥሁ።

«የቱ ጋ ነው እትዬ?»

«አይታይሽም እንዴ? ይኸው ወረቀቴን ያኝካል!»

«ይኼ እኮ ፕሪንተር ነው።»

«እና? አልሠራም ካለ ኔትወርክ የለም ማለት አይደል? ይልቅ ታከለን ጥሪልኝ።»

ሌላ ቀን ማውስ ነበር፣ ሌላ ቀን የተነቀለ ሶኬት። በዚያ መሥሪያ ቤት የተዘረጋ የኔትወርክ መስመር ጨርሶ አልነበረም፤ ይዘረጋል የተባለው ወደፊት ነው። ታከለ ይህን እያወቀ ይሆን የሳቀው? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

በመጨረሻ አቶ ይርሳው ለብቻዬ ጠሩኝ። «ጎበዝ ነሽ፤ እንከን አይወጣልሽም። ግን የተማርሽው ገና ያልመጣ ነገር ነው። መደቡን ለታከለ ሰጥቼዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልሁ። እሳቸው እንዳይከፋቸው ፈገግም አልሁ።

ዕቃዬን ይዤ ወደ እንጅባራ፣ ወደ ቤታችን ስመለስ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ቆመ። ዝናብ ያካፋል፤ ከሰል የጫነ አህያ በመስኮቱ ሥር አለፈ። አንዲት ሴት በሚጥሚጣ የተነሰነሰ ቅቅል ድንች በመስኮት አቀበለችኝ። ከንፈሬን እንዳቃጠለኝ አውቃለሁ። አላለቀስሁም፤ አልተናደድሁምም። ያቺን ቀን ሳስታውስ ዛሬም የሚመጣልኝ የድንቹ ትኩሳት ብቻ ነው።

መምህሩ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ገጹን ሞልታዋለች። ደስ የሚለውን መልስ ልጽፍለት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። «ጥገና» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩም «ሰው ኔትወርክ የለም ሲል አስቀድሞ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል» አልሁ።

ዛሬ መስመሩ ዳንግላ ተዘርግቶ ይሆናል፤ ሄጄ አላየሁም። የእኔ ውል ያበቃው በጀቱ ሲዘጋ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን።