በስልክ ያሳየሁት ቤት

ደላላ በሆንሁበት የመጀመሪያ ቀን አያ መንገሻ ጫማዬን አስወለቁኝ።

ሳሙና በር አካባቢ የተለቀቀ አንድ ቤት ለመመዝገብ ሄደን ነበር። አያ መንገሻ ከጎንደር ፒያሳ የቤት ደላሎች ሁሉ አንጋፋው ነበሩ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሜትር፣ እርሳስና በላስቲክ የታሰረ ደብተር አይጠፋም። "ካልሲህንም አውልቅ" አሉኝ። "ዐይን የሚያየው ቀለም ነው። እርጥበት የሚያውቀው ውስጥ እግር ነው።" ክፍሉን በባዶ እግሬ ዞርሁት። ጓዳው ጥግ ስደርስ ሲሚንቶው ቀዘቀዘኝ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። እሳቸው ግን "ጓዳው ውሃ ይስባል" ብለው ጻፉ፤ ለመጀመሪያው ተከራይም እንደ ጻፉት ነገሩት። ተከራዩ ቤቱን አልወሰደም። አከራዩ ተቆጡ። አያ መንገሻ ደብተሩን ኪሳቸው ከትተው "እንሂድ" አሉኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ከጎንደር አይከል የሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት ነበርሁ። በእኛ ሥራ ሁሉም ደላላ ይባል እንጂ ደረጃ አለው። ጀማሪው ጠቋሚ ነው፤ የተለቀቀ ቤት ፈልጎ ያመጣል። ቀጥሎ አሳዪው ነው፤ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ደንበኛ ይዞ ይዞራል። አከራይና ተከራይ አቀራርቦ ውል የሚያስፈርመው ደግሞ አስማሚ ነው። እኔ ሁለት ዓመት በጠቋሚነት ጫማ ጨረስሁ።

አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር የተዛወረ የባንክ ሠራተኛ መጣና "ከተማው ውስጥ የቱ ሰፈር ይሻላል?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ቸኩዬ "ማራኪ" አልሁ። አያ መንገሻ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና ሰውየውን ጠየቁት። "ስንት ቀን ያለ ቧንቧ ውሃ ትቆያለህ? ዳገት ትችላለህ? ልጅ አለህ? የጠዋት እንቅልፍ ትወዳለህ?" ሰውየው ሳቀ፤ ግን አንድ በአንድ መለሰ። ከመለሰ በኋላ ማራኪ ሳይሆን አዘዞ ወሰዱት። እስከ ጡረታው እዚያው ኖረ።

ሰፈር መናገር የተማርሁት እንደዚህ ነው። ማራኪ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ሸጋ ነው፣ ተማሪ ይበዛበታል፣ መስከረም ሲጠባ ባዶ ክፍል አይገኝም። አራዳ ገበያው ከደጅህ ነው፤ የጭነት ማኪና ጩኸቱም እንደዚሁ። አዘዞ ሜዳ ነው፣ ይሞቃል፣ ለሽማግሌ ጉልበት ይመቻል፣ ፒያሳ ግን ሩቅ ነው። ጓሮ ቆፍሬ ጎመን ልትከል ለሚለኝ ጠዳን እነግረዋለሁ። ብርድ አይነካኝም ብሎ ለሚፎክር ደግሞ በሐምሌ አምባ ጊዮርጊስ ሄደህ ሦስት ቀን እደርና ተመለስ እለዋለሁ። እንግዳ ሆኖ ለመጣማ ቤተ መንግሥቱን ማንም ያሳየዋል። እኔ ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አወጣዋለሁ፤ አየሩ ከጠራ ከደንቢያ ሜዳ ባሻገር ጣና ይታያል።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ኖርሁ። አያ መንገሻ ሲያርፉ ደብተራቸው ለእኔ ተረፈ። አሳዪም አስማሚም ሆንሁ።

የኋላ ኋላ ሥራው ተለወጠ። ዱሮ ደንበኛ መጥቶ፣ ዞሮ፣ ግድግዳውን ነካክቶ ነበር የሚከራይ። በቅርብ ዓመታት መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ጀመር። ሰው ከመነሳቱ በፊት ይደውላል። "መንገዱ እንዴት ነው? ከተማውስ? ልጆች ይዤ ልግባ?" ይላል። የማላውቀው ሰው በእኔ ቃል ተነሥቶ መንገድ ይገባል።

መጋቢት ላይ ከአይከል አንድ ሰው ደወሉ።

"ታደለ ነህ? ቤት አሳዪው?"

"ነኝ። ምን ልታዘዝ?"

"መምህር ካሳዬ እባላለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴን ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች በየሳምንቱ አምጣት ይላሉ። ባለፈው ወር በመንገዱ የተነሣ ሁለት ቀጠሮ አለፈን። እዚያው ገብተን ልንቀመጥ ነው።"

"መጥተው ቢያዩት ይሻላል" አልኋቸው።

"እሷን ለማን ትቼ? አንተ ንገረኝ። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርሁ። ያላየሁትን አገር ለልጆች ስናገር ነው የኖርሁት። ደህና አድርገህ ከነገርኸኝ አየዋለሁ።"

የፈለጉት ሦስት ነገር ነው። ለሆስፒታሉ ቅርብ የሆነ፣ ፀሐይ የሚገባው፣ ደረጃ የሌለው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። ጎንደር ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት ፈልጎ ያየ ሰው ሥራዬን ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ዞርሁ። አንዱ በሩ ላይ አምስት ደረጃ አለው። ሌላው ደረጃ የለውም፤ መንገዱ ራሱ ደረጃ ነው። መምህሩ በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። ድምፃቸው ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ መጣ።

በመጨረሻ ወደ አንገረብ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የወይዘሮ ብርቄን ቤት አገኘሁ። እሳቸው ከፊት ይኖራሉ፤ የሚከራየው ከኋላ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ነው። ባጃጅ እስከ በሩ ይገባል። ከግቢው በር እስከ መኝታ ቤቱ አንድ ደረጃ የለም። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች። የውሃ ሮቶ አለው።

ከቤቱ ኋላ ግን የላይኛውን ግቢ አፈር የሚደግፍ የድንጋይ ግንብ አለ። ቁመቱ ከጣሪያው ክፈፍ ይበልጣል። ከላይ ጀምሮ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ አየሁበት፤ አውራ ጣቴን አስገባሁት።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልሁ።

"የቆየ ነው" አሉኝ ወይዘሮ ብርቄ። "ባለቤቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እንደዚሁ ነው። ወደቀ እንዴ?"

ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሏል። ሣር ካበቀለ በእርግጥ የቆየ ነው ብዬ አመንሁ። ወይም ማመን ፈለግሁ።

ከግቢው ቆሜ ደወልሁ። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለውን ርቀት በእርምጃ ነገርኋቸው። የበሩን ስፋት በሜትር ለክቼ፣ ወንበሩ በየትኛው በኩል ዞሮ እንደሚገባ፣ ሆስፒታሉ በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ አስረዳሁ። መምህሩ እኔ ያልሁትን ለባለቤታቸው ይደግሙላቸዋል። "አበባ፣ ጠዋት ፀሐይ አልጋሽ ድረስ ትገባለች ይላል።" የሴትዮዋን ሳቅ ሰማሁ።

"ከበስተኋላውስ ምን አለ?" አሉ መምህሩ።

"የድንጋይ ግንብ አለ። የላይኛውን ግቢ የሚደግፍ ነው።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልሁ።

እዚህ ላይ መስመሩ ተቋረጠ ብል በቀለለኝ። አልተቋረጠም። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሚያዝያ ላይ መንገዱ በተከፈተ ቀን ገቡ። ወይዘሮ አበባ ወንበራቸው ያለ አንዳች መሰናክል መኝታ ቤት ሲገባ ቀኝ እጃቸውን ፀሐዩ ላይ ዘረጉ። "ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። ልክ እንደ ነገርኸን ነው" አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ምሳ ቀረበልኝ። ሳልቀምስ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ ግንቦት ላይ ጣለ። በማግስቱ ሰላም ልበላቸው ብዬ ሄጄ ግንቡን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ምክንያት ፈለግሁ። አንድ ቀን የሮቶውን ቧንቧ ልይ ብዬ፣ አንድ ቀን ሎሚ ይዤ። መምህሩ "አንተማ ዘመድ ሆንህ" ይሉኛል። እኔ እያወራሁ ዐይኔ ከመስኮቱ ውጭ ነው።

ሐምሌ ላይ ደሴ የሚባል ግንበኛ ወዳጄን ይዤው ሄድሁ። ደሴ ሲሚንቶ በጥብጦ ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ለጠፈ። "ይኼ ልጥፍ ከተሰነጠቀ ግንቡ እየሄደ ነው ማለት ነው" አለኝ። በአራተኛው ቀን ተመለስን። ሁለቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ደሴ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ አወጣና ጭቃውን በሱሪው ጠረገ።

"አያ ታደለ፣ የዚህ ግንብ ሆዱ ውሃ ሞልቷል። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ አልተዉለትም። እኔ ብሆን ሰው እዚህ ሥር አላስተኛም።"

መጀመሪያ ለወይዘሮ ብርቄ ነገርኋቸው። "ምነው ታደለ! አንተው አስገብተህ አንተው ልታስለቅቅብኝ ነው? ዝናቡ ሲያልፍ አሠራዋለሁ" አሉ። የሚኖሩት በዚያች ኪራይ ነው፤ አውቃለሁ። ከዚያ ወደ መምህሩ ገባሁ። ቁሜ ነው የነገርኋቸው።

"በስልክ ስጠይቅህ ይኼን ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"ስንጥቁን አይቼዋለሁ። አልነገርሁዎትም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ውጣልኝ" አሉ።

በማግስቱ ስመለስ ወይዘሮ ብርቄ ቀድመውኛል። ታደለ ሌላ ተከራይ አግኝቶ ሊያስወጣችሁ ነው ብለዋቸው ኖሯል። መምህሩም በሩን ከፈት አድርገው "እናንተ ደላሎች ተንኮላችሁ መቼም አያልቅም" አሉኝና ዘጉት። አልፈረድሁባቸውም። ትናንት ደህና ነው ያልሁ ሰው ዛሬ ይወድቃል ብል ማን ያምነኛል? ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ፒያሳ ካለው መቆሚያችን ተቀምጬ ከሰማዩ በቀር የማየው አልነበረኝም። ደንበኛ ሲመጣ ወደ ሌሎቹ እልክ ነበር። አንድ የአምቡላንስ ድምፅ ወደ አንገረብ ሲወርድ ሰምቼ ጃንጥላዬን ጥዬ ተከተልሁት። ወላድ ሊወስድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የመምህሩ ቁጥር ነው፤ የሚያናግሩኝ ግን ወይዘሮ አበባ ናቸው።

"ወንድሜ፣ እኔ የምውለው አልጋ ላይ ነው። ከግንቡ ጠጠር ሲወርድ እሰማለሁ። ካሳዬን ደግሞ ቤት ፍለጋ እንዳላሰቃየው ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬ የወረደው ግን ጠጠር አይደለም። የምትወስደን ቦታ አለህ?"

"አለኝ" አልሁ። የነበረኝ የራሴ ሳሎን ብቻ ነው። ባለቤቴ ሙሉ "አምጣቸው እንጂ፤ ምን ትጠይቀኛለህ" አለችኝ። በራችን ሁለት ደረጃ አለው። ደሴ ሁለት ጣውላ ገጥሞ መንሸራተቻ ሠራበትና በዚያው ከሰዓት ወንበሩን ገፍተን አስገባናቸው። መምህሩ ዕቃቸውን አንሥተው መጡ። አልጋውን ግን ለጊዜው ብለው እዚያው ተዉት። ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ግንቡ በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደቀ። ዝናብ እንኳ አልነበረም። ከመምህሩ ጋር ሄድን። የኋለኛው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሷል። አልጋው አፈርና ድንጋይ ተጭኖት እግሮቹ ወደ ውጭ ተዘርግተዋል። ወይዘሮ ብርቄ ከፊት ባለው ቤታቸው ስለነበሩ ተርፈዋል፤ ግቢው መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል። መምህሩ ሄደው ከአጠገባቸው ቆሙና "እንኳን ተረፉ" አሉ። ከዚያ አልጋውን ረጅም ጊዜ አዩ።

"ከእንግዲህ ቤት የምመርጠው እኔ ነኝ" አሉኝ ስንመለስ። "አንተ ትከተለኛለህ።"

እንዳሉትም አደረጉ። ጥያቄያቸውን በወረቀት ጻፉ፤ ሙሉ ከወይዘሮ አበባ ጋር ስትቀመጥ እኛ በባጃጅ ዞርን። ከየግቢው ኋላ ራሳቸው ይገባሉ። ጎረቤት ጠርተው ባለፈው ክረምት ውሃው በየት እንደወረደ ይጠይቃሉ። አዘዞ ሜዳው ላይ አንድ አሮጌ ቤት መረጡ። ከሆስፒታሉ ይርቃል፣ ጠዋት ፀሐይ አይገባውም። እኔ ብሆን አላሳያቸውም ነበር። ወይዘሮ አበባ አሁን በምርኩዝ እስከ በሩ ይሄዳሉ። መምህሩ ሰላም ይሉኛል፤ ያቺን "ደህና ነው" ያልኋትን ግን አንሥተውልኝ አያውቁም።

ነገሩ ፒያሳ ተሰማ። ሦስት አከራዮች "አንተ ቤት ታስለቅቃለህ" ብለው ቁልፋቸውን ወሰዱብኝ። ጥቂት ወራት ሠርቼ ተውሁት። ዛሬም ነሐሴ ሲገባ የማስታውሳቸውን ቤቶች ሁሉ በሐሳቤ እዞራለሁ፤ የቱ ከግንብ ሥር ነው፣ ማንን አስገባሁበት እያልሁ። ከግንብ ሥር ላስገባኋቸው ሦስት ተከራዮች ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱ አመሰገኑኝ፣ አንዱ ሳቀብኝ።

በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ስለ ቤቱም ስለ ሰፈሩም ያያችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉ። ቦታ የሚመርጠው የሚኖርበት ሰው ነው። የሚመርጠው ግን እናንተ በነገራችሁት ልክ ነው።